ፍቅር እስከ መቃብርን አልወደድነውም

አዎ፣ አልወደድነውም። ርዕሱን አይታችሁ የደነገጣችሁ ካላችሁ ትንሽ ታገሡን፤ ጠብ ፈልገን አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ የምንጽፈው አምስት ነን። ባለፈው ሳምንት ቡና ይዘን እንደ ልማዳችን ስለ መጻሕፍት ስንከራከር አንደኛው ጓደኛችን የቤተሰብ ምስጢር እንደሚያወጣ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እኔ እኮ ፍቅር እስከ መቃብርን ወድጄው አላውቅም» አለ። ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ትንሽ ቆይታ አንዷ «እኔም» አለች። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሌላዋ። ከአምስታችን አራታችን! ስንት ዓመት የተዋወቅን ሰዎች ነን፤ ማን ማትሪክ ላይ እንደኮረጀ፣ ማን በማን ፍቅር እንዳበደ ሳይቀር ተነጋግረናል። ይህቺን ግን ተደባብቀን ኖረናል።

አምስተኛው ጓደኛችን መጽሐፉን ይወደዋል። ይህ ጽሑፍ ሲጻፍ አጠገባችን ተቀምጦ ሲቆጣ ነበር። ስለዚህ ከዚህ በታች «እኛ» ስንል እሱን አይጨምርም፤ ይህን ካልጻፋችሁ እጣላችኋለሁ ስላለ ጽፈናል።

መጀመሪያ ለጥንቃቄ ያህል የምናውቀውን እንናገር። ሐዲስ ዓለማየሁ ትልቅ ሰው ናቸው። በ1902 ዓ.ም. ጎጃም ውስጥ ተወለዱ፤ ጣሊያን ሲመጣ ዘመቱ፤ ተማርከው ጣሊያን አገር ታሰሩ፤ ከነጻነት በኋላ በአምባሳደርነትም በሚኒስትርነትም አገለገሉ፤ በ1958 ዓ.ም. ይህን ልብ ወለድ አሳተሙ፤ በ1996 ዓ.ም. ዐረፉ። ይህን የምንዘረዝረው «እናንተ ማን ሆናችሁ?» ለሚለን ሰው መልሱን ቀድመን ለመስጠት ነው። ማንም አይደለንም። አንባቢዎች ነን። መጽሐፍ ደግሞ የሚጻፈው ለአንባቢ ይመስለናል።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ። በምን ሁኔታ እንደተዋወቅነው ካልተነገረ ቂማችን አይገባችሁም።

ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነን። ሰባ ተማሪ የታጨቀበት ክፍል። የአማርኛ መምህራችን ገቡና ጥቁር ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ ርዕስ፣ ደራሲ፣ የታተመበት ዘመን፣ መቼት፣ ዋና ገጸ ባሕርያት፣ ንዑሳን ገጸ ባሕርያት፣ ጭብጥ። ጭብጥ ከሚለው ፊት ለፊት «የፊውዳሉ ሥርዓት ብልሹነትና የጎታች ባህል ጎጂነት» ብለው ጽፈው አሰመሩበት። ከዚያ «በሉ እንግዲህ መጽሐፉን አንብባችሁ በሦስት ሳምንት ውስጥ በቡድን ሥሩ፤ ከሃያ ይያዛል» አሉን። ልብ በሉ፤ መጽሐፉ ምን እንደሚል ከተነገረን በኋላ ነው አንብቡ የተባልነው። የእንቆቅልሹ መልስ ቀድሞ ተነግሮ «ምን አውቅልህ» በሉ እንደማለት ነው። የተነገረን በአንዲት መሥመር፣ ማረጋገጫው ከአምስት መቶ ገጽ በላይ!

መጽሐፉ የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የነበረው ሦስት ቅጂ ነው፤ አንዱ የመጨረሻ ምዕራፎቹ ተገንጥለዋል። (ያ ቅጂ የደረሳቸው ልጆች ዕድለኞች ናቸው፤ ለእነሱ ማንም አልሞተም።) የቀረነው ምን አደረግን? ከላይኛው ክፍል ልጆች የወረስነው ደብተር ነበረ። ከየት እንደተገለበጠ የማይታወቅ፣ ዐሥራ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ። በዛብህ ማን ነው፣ ሰብለ ወንጌል ማን ናት፣ ጉዱ ካሳ ምን ይወክላል፣ ፊታውራሪ መሸሻ ምን ይወክላሉ። ግማሹ ክፍል በዚያች ደብተር ተዳረ።

ከአራታችን አንዷ ግን መጽሐፉን ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ሦስቱን ሳምንት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ በሻማ። ለፈተናው «ስለ መጽሐፉ ያለህን/ያለሽን አስተያየት ግለጽ/ግለጪ» የሚል ጥያቄ መጣ። አስተያየቷን ገለጸች። ሰብለ እንዳናደደቻት፣ ንግግሮቹ እንደረዘሙባት፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም መሞታቸው እንዳላሳመናት ከነምክንያቱ ሁለት ገጽ ሞልታ ጻፈች። 9 ከ20 አገኘች። ከአጠገቧ የተቀመጠው ልጅ (አሁን እዚህ አብሯት ይጽፋል፤ እሱም ከአራቱ አንዱ ነው) መጽሐፉን ከፍቶም አያውቅ። ከደብተሯ ላይ በሸመደደው መሠረት «ዘመን የማይሽረው የሥነ ጽሑፋችን ዋርካ» ብሎ ጻፈ። 18 ከ20።

መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም። ሰባ ተማሪ ለሚያስተምር ሰው ሁለት ገጽ ተቃውሞ ከማንበብ «ዋርካ» የሚለውን ቃል ፈልጎ ማረም ይቀላል። ወረቀቷን ሲመልሱላት «ልጄ፣ ስትበስዪ ይገባሻል» አሏት። በፍቅር ነው ያሏት። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል የአማርኛ ልብ ወለድ አልነካችም። ልጁ ደግሞ መጽሐፍ ሳያነቡ ማወደስ እንደሚያዋጣ ተምሮ ወጣ፤ ይህ ትምህርት በኋላ በሥራ ዓለም በጣም እንደጠቀመው ራሱ ይመሰክራል።

ቂማችን ይሄ ነው። ቢሆንም ቂሙ የመምህሩ እንጂ የመጽሐፉ አይደለም እንዳትሉን፣ መጽሐፉ ላይም አለን።

ሰብለ ወንጌል ላይ እንጀምር። አባቷ ለዘሩ የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ እስኪገፋ ጓዳ ተቀምጣለች። ይህ እሺ፤ የዘመኑ ግፍ ነው፤ ደራሲው ሊያሳዩን የፈለጉትም እሱን ነው። በኋላ ግን ይህቺ የፊታውራሪ ልጅ የመነኩሴ ልብስ ለብሳ፣ ቤቷን ጥላ፣ በእግሯ መንገድ ትጀምራለች። እዚህ ጋ ስንደርስ ከመቀመጫችን ነው የተነሣነው! በቃ ሰብለ አሁን ሰው ልትሆን ነው አልን። መንገድ ላይ ምን ታያለች፣ ማንን ታገኛለች፣ ከባላባት ቤት የወጣች ሴት ራቧን እንዴት ትችለዋለች፣ አዲስ አበባ ስትገባ ምን ትሆናለች ብለን ጓጓን። መጽሐፉ የሚሰጣት ግን የሚሞት ፍቅረኛ፣ ከዚያ ምንኩስና፣ ከዚያ መቃብር ነው። ድፍረቷ ሁሉ ለቀብር ለመድረስ ሆነ። ያን ሁሉ ገጽ ጠብቀን፣ የሰብለን ሕይወት ሳናይ ሰብለን ቀበርናት። አምስተኛው ጓደኛችን «ርዕሱ እኮ ነግሯችኋል!» ይለናል። እውነቱን ነው፤ ነግሮናል። ቢሆንም አላስደሰተንም።

በዛብህን ደግሞ፣ ይቅር ይበለንና፣ አልቻልነውም። ወላጆቹ በስለት ለቤተ ክርስቲያን የሰጡት ሳይጠየቅ ነው፤ ለዚህ እናዝንለታለን፤ እኛም ለእሱ የተሰጠነው ሳንጠየቅ ነውና። ግን ልጁ ወደደ፣ ተጨነቀ፣ ፈራ፣ ሸሸ፣ እንደገና ተጨነቀ። ዐሥራ ሰባት ዓመት ለሞላው ተማሪ ከመጨነቅ ሌላ ሥራ የሌለው ጀግና ሲሰጡት ምን ያድርገው? መጨነቁን ከራሱ ጋር ያውቀዋል።

ንግግሮቹስ? ጉዱ ካሳ አፉን ከከፈተ ሰብለና በዛብህ የት እንዳሉ ይረሳል። የሚለው ነገር እውነት ነው፤ ብዙው ዛሬም እውነት ነው። ችግሩ አንዳንድ ቦታ ካሳ ዳምጤ ሳይሆን ደራሲው ራሳቸው ብቅ ብለው የሚያስተምሩን መስሎን መደበራችን ነው። ከአማርኛ ክፍለ ጊዜ ወጥተን መጽሐፍ ውስጥ ሌላ ክፍለ ጊዜ።

እዚህ ላይ ፍትሐዊ መሆን አለብን። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው። «መሬት ለአራሹ» የተማሪ መፈክር ሆኖ አደባባይ የወጣው በዚያው ሰሞን፣ በ1957 ነበር፤ የመሬት አዋጁ የታወጀው በየካቲት 1967። ስለዚህ ያኔ መጽሐፉን የገዛ ሰው የሚያነበው ስለ ሞተ ሥርዓት አይደለም። ፊታውራሪ መሸሻ በየአውራጃው በሕይወት አሉ፤ በበቅሎ ያልፋሉ፤ እጅ ይነሣላቸዋል። ገበሬው ከልማድ በላይ አልገብርም ሲል፣ አበጀ በለው ፊታውራሪውን ሲማርካቸው፣ ያኔ ያነበበው ሰው በሩን ዘግቶ ሳይስቅ አይቀርም። ለእኛ ግን ይህ ሁሉ የደረሰን «የፊውዳሉ ሥርዓት ብልሹነት» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎበት፣ እንደ ሙዚየም ዕቃ ነው። በየቀበሌው የምናውቃቸው የዘመናችን ፊታውራሪዎች ነበሩ፤ መምህሩ አንድ ቀን «እስቲ መሸሻን ሰፈራችሁ ውስጥ ፈልጉ» ቢሉን ኖሮ ከሃያ ሳይሆን ከመቶ እንሠራው ነበር። (ለምን እንዳላሉን ይገባናል። እሳቸውም ደመወዝተኛ ናቸው።)

ሌላም ነገር አለ፤ ስንነጋገር ያስደነገጠን ነው። ከአራታችን አንዱ ያደገው ደቡብ ነው። ቤቱ ውስጥ አማርኛ አይነገርም፤ አማርኛን ያወቀው በትምህርትና በኳስ ሜዳ ነው። ከዚህ መጽሐፍ ጋር ሲገናኝ ጎጃምን አላየም፣ ቅኔ ቤት ምን እንደሆነ አያውቅም፣ ስለትና ድግምት፣ ደብተራና መሪጌታ ለእሱ ባዕድ ናቸው። በየገጹ ተሰናከለ። «ከበደኝ» ሲል የተሰጠው መልስ «አማርኛህ ደካማ ስለሆነ ነው» የሚል ነበር። አንድም ሰው ቁጭ ብሎ ማንኩሳ የት እንደሆነች፣ ዲማ ጊዮርጊስ ምን እንደሚማሩበት አልነገረውም። መጽሐፉ «የሁላችን ነው» ይባላል፤ የሁላችን ከሆነ ግን በሩን የሚያሳይ ሰው ያስፈልጋል። እሱ ዛሬ ከሁላችንም የተሻለ አማርኛ ይጽፋል። ፍቅር እስከ መቃብርን ግን እስከ ዛሬ ሲያየው ጀርባው ላይ ያ «ደካማ» የሚለው ቃል የታተመ ይመስለዋል።

«ታዲያ ወላጆቻችን ለምን ወደዱት?» ብለን ራሳችንን ጠየቅን። እናቶቻችን ስሙ ሲነሣ ፊታቸው ይበራል። አንዲቷን እናት ጠየቅናት። «የት ነው ያነበብሽው?» «ኧረ አላነበብኩትም፤ ወጋየሁ ነው ያነበበልኝ!»

እንዴት ሳይታየን ቀረ? ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ያገር ሰው ጆሮውን ጥሎ ይሰማ ነበር። ፊታውራሪው ሲቆጡ ወጋየሁ ይቆጣል፣ ውድነሽ ስታለቅስ ድምፁ ይሰበራል። እናታችን እየፈተለች፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ የዛሬው ሲያልቅ የሚቀጥለው እስኪመጣ እየተወራረደ። መቼት ምንድን ነው ብሎ የጠየቃት የለም። በዛብህን ብትጠላው፣ «አይ ይሄ ፈሪ!» ብትል ከሃያ የሚቀንስባት የለም። ስለዚህ እናቶቻችን የወደዱትና እኛ የተሰጠን አንድ መጽሐፍ ነው ለማለት ይከብደናል።

ኦሮማይን ያነበብነው እንዴት እንደሆነ ደግሞ እንንገራችሁ። ማንም አላዘዘንም። የበዓሉ ግርማ መጽሐፍ በ1975 ወጥቶ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲው በ1976 እንደወጣ መቅረቱን ሰምተናል፤ በቃ። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ፣ ሽፋኑ የወለቀ ቅጂ አገኘን፤ በአንድ ሌሊት ጨረስነው። ኦሮማይ ከፍቅር እስከ መቃብር ይበልጣል እያልን አይደለም። አንዱን በጉጉት፣ ሌላውን በቀይ እስክሪብቶ ጥላ ሥር እንዳነበብነው ልንነግራችሁ ነው።

አሁን ወደ ተቃውሞው። የመጀመሪያው «ስትበስሉ ይገባችኋል» ነው። በስለናል፤ ሁለታችን ልጅ ወልደናል። ለዚህ ጽሑፍ ብለን እንደገና አነበብነው። አንዳችን «አሁን ገባኝ፤ ግን አሁንም አልወደድኩትም» አለ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ፤ አብረው መሄድ እንደሚችሉ ማንም አልነገረንም ነበር እንጂ። ሁለተኛው ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አምስተኛው ጓደኛችን ነው ያመጣው። «በዚህ ዘመን ማን ያነባል? ያለችንን አንድ መጽሐፍ እናንተ ደግሞ ታጣጥሏታላችሁ?» አለ። አስቦበት ነው፤ እኛም አሰብንበት። ግን እስቲ ያችን ክፍል አስቡት። መጽሐፉን ለአንባቢ ያጣው ማን ነው? ሦስት ሳምንት በሻማ አንብባ «አልወደድኩትም» ያለችው ናት ወይስ ሳይከፍተው «ዋርካ» ያለው? መጽሐፉ አንባቢ የሚያጣው በዋርካዎቹ ነው።

በዚያ ላይ፣ ይህን ስንጽፍ ሁላችንንም ያሳቀን ነገር አለ። ከመጽሐፉ ውስጥ በየፈተናው የሚመጣው ሰው ጉዱ ካሳ ነው። «ጉዱ ካሳ ምን ይወክላል?» መልስ፦ «ልማድን ያለመመርመር መቀበልን የሚቃወም፣ ቀድሞ የነቃ ሰው»። ሙሉ ነጥብ። ካሳ የትልቅ ሰው ዘር ሆኖ ሳለ ሁሉም የሚሰግድለትን አልሰግድም ስላለ አገሩ «ጉዱ» አለው፤ እብድ አደረገው። ይህን መልስ በትክክል የሸመደደ ክፍል ውስጥ አንዲት ልጅ ሁሉም የሚሰግድለትን መጽሐፍ «እኔ እንኳ አልጣመኝም» ስትል ምን ተባለች?

ደራሲው በሕይወት ቢኖሩ ምን ይሏት እንደነበር አናውቅም፤ በስማቸውም አንናገርም።

እኛ መጽሐፉ ከትምህርት ቤት ይውጣ አንልም። እንዲያውም የመጀመሪያዎቹን ገጾች ማንም እንዳይነካብን። ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ! ጊዜው ያለፈበት ብቸኛ ሰውና ባሎቿ ስለሞቱባት «ገፊ» የተባለች ሴት ተፈላልገው ጎጆ ሲቀልሱ፣ የዚህ አገር ልብ ወለድ ውስጥ ያን ያህል ሳይጮህ የተጻፈ ፍቅር ብዙ አላየንም። አራታችንም እዚያ ላይ ተስማማን። እንዲያውም ከአራቱ ሁለቱ «መጽሐፉ እዚያ ቢያልቅ ኖሮ…» ብለው ጀምረው አምስተኛው ጓደኛችን ጽዋውን ሲያነሣ አይተው ተዉት። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ «አልወደድኩትም፣ ምክንያቱም…» ብሎ የጀመረ ተማሪ ምክንያቱ ይነበብለት። ጭብጡም ሰሌዳው ላይ ከመጻፉ በፊት ልጆቹ እስኪጨርሱ ይጠበቅ።

የ9 ከ20ዋ ጓደኛችን ታናሽ ወንድም ዘንድሮ ዐሥራ አንደኛ ክፍል ነው። ትናንት ይህን ስንጽፍ መጥቶ «ጭብጡ ምንድን ነው?» አለን፤ እንዲሠሩ ተሰጥቷቸዋል። መጀመሪያ አንብበው አልነው። «ስንት ገጽ ነው?» ነገርነው። ራሱን ነቀነቀና ስልኩን አውጥቶ ዩቲዩብ ላይ ወጋየሁን ፈለገ። እኛም የምንጽፈውን አቆምን። ውድነሽ ጋ ሲደርስ ልጁ «ቆይ፣ አግብቷት ነው?» አለ። አምስተኛው ጓደኛችን በደስታ ሊመልስለት አፉን ሲከፍት እህቱ በክርኗ ጎነጠችው።